ሳይሾም የበላ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲሉ የተረቱት አባቶቻችን አንድ ነገር አምልጧቸዋል፤ ሹም ወደ ወንበሩ የሚመጣው ተርቦ ነው ብለው አስበዋል። ዎል ስትሪትን ቢያውቁ ኖሮ ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉት ነበር። በዚያ ሰፈር መጀመሪያ ይበላል፤ ቀጥሎ ይሾማል፤ በተሾመ ጊዜ ከበላው ላይ የሚከፍለውን ግብር መንግሥት ያቆይለታል፤ ሲሻር የሚቆጨው ነገር የለም። እኛ ዘንድ ሹም ሆኖ የበላ ሌባ ይባላል። በልቶ የተሾመ ግን የሀገር ባለውለታ ነው።

የዚህ ሥርዓት ምርጥ ፍሬ ማነው ቢሉኝ ሳላመነታ ሄንሪ ፖልሰንን እጠራለሁ። በ1946 (ዓመቶቹም ወራቱም ቀናቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፍሎሪዳ ውስጥ ተወለዱ፤ ኢሊኖይ ውስጥ በእርሻ መሬት ላይ አደጉ። ዳርትመዝ ኮሌጅ ገብተው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጠኑ፤ በአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ቡድን ውስጥም ባላጋራን በትከሻ እየገፉ መንገድ የሚያስከፍቱ ተጫዋች ነበሩ። ከሃርቫርድ በንግድ ሥራ አስተዳደር ተመርቀው ፔንታጎን፣ ከዚያም የኒክሰን ዋይት ሐውስ ገቡ፤ አለቃቸው ጆን ኤርሊክማን ነበሩ። ኤርሊክማን በዋተርጌት ጣጣ ኋላ ወህኒ ሲወርዱ፣ ረዳታቸው ግን ቀድመው ወጥተው በ1974 ጎልድማን ሳክስ በተባለው የኢንቨስትመንት ባንክ የቺካጎ ቢሮ ሥራ ጀምረው ነበር። ከየትኛው ቤት መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ቀላል ተሰጥኦ አይደለም።

በጎልድማን 32 ዓመት ቆዩ። ባንኩ በ1999 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ዋና ሥራ አስፈጻሚው እሳቸው ነበሩ። ለፍርድ እንዲመቸን ደግሞ ይህን እንጨምር፤ ሰውየው ገንዘብ በታትነው የሚኖሩ አይደሉም። ወፍ ማየት ይወዳሉ። ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለውን የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በሊቀ መንበርነት መርተዋል። ጉቦ በላ ብሎ የከሰሳቸውም የለም። ይህችን ያዙልኝ፤ የነገሩ ውበት ያለው እሷ ላይ ነው።

በ2006 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የገንዘብ ሚኒስትር ሊያደርጓቸው ሲፈልጉ ፖልሰን መጀመሪያ እምቢ አሉ። ስለዚህ ተለመኑ። ከአማላጆቹ አንዱ የዋይት ሐውስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጆሹዋ ቦልተን ሲሆኑ፣ እሳቸውም የቀድሞ የጎልድማን ሰው ናቸው። የቤት ልጅ ካልለመነ ማን ሊለምን ኖሯል? በስተመጨረሻ እሺ አሉና በዓመት ከ200,000 ዶላር ወዳነሰ ደመወዝ ወረዱ። ጋዜጦች ስለዚህ መውረድ ሲጽፉ ዕንባ ሊቀድማቸው ምንም አልቀረም።

ዕንባው ሳይደርቅ ሌላ ወረቀት እንመልከት። አዲሱ ሚኒስትር የባንክ አክሲዮን ይዘው ባንኮችን ሊያስተዳድሩ አይችሉምና የጎልድማን አክሲዮናቸውን እንዲሸጡ ግድ ሆነ፤ ዋጋው ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ይህን ያህል ንብረት ሸጦ የሚያተርፍ ሌላ ሰው ከትርፉ ላይ ግብር ይከፍላል። ነገር ግን በ1989 የወጣ አንድ ሩኅሩኅ ሕግ አለ። ባለሥልጣን ከሹመቱ ጋር የሚጋጭ ንብረቱን እንዲሸጥ ሲታዘዝ፣ የሽያጩን ገንዘብ በመንግሥት ቦንድ ወይም በተፈቀደለት የተሰባጠረ ፈንድ ላይ ካዋለው፣ አዲሱን ንብረት እስኪሸጥ ድረስ ግብሩ ይቆይለታል። ሳይሸጠው ከሞተ ግብሩም አብሮ ይቀበራል። በአክሲዮን የከበረ ሰው ሀብቱን ከአንድ ባንክ ዕጣ ፈንታ አላቅቆ፣ ያለግብር፣ ጥቂት ቆይቶ ከመጣው ጎርፍ በፊት ወደ ደረቅ መሬት አሻገረ። ከዋሽንግተን ማዶ አሌክሳንድሪያ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ያቆየ ወገናችን ሱቁን አትርፎ ሲሸጥ የዚያኑ ዓመት ግብር ይከፍላል። ሀገር እንዲያገለግል አልተጠራማ!

ሕጉ የወጣው በቅን ልቦና ነው፤ ባለሙያዎች ግብር ፈርተው ከሹመት እንዳይሸሹ ተብሎ። አስተማሪ ወይም ነርስ ሹመት ፈርቶ ሲሸሽ ታይቶ ስለማያውቅ ለነሱ የታሰበ ነገር አላገኘሁም።

አሁን ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጧት። የጸረ ሙስና ሕግ ሁሉ ፖስታ ነው የሚፈልገው፤ በጠረጴዛ ሥር የሚተላለፍ፣ ወፈር ያለ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚቆጠር። በልቶ የጠገበ ሹም ፖስታ አይቀበልም፤ ምን ያደርግለታል? ሌሊት ገበያ ሲናጥ ስልኩን አንስቶ የሚደውለው ግን ለማን ነው? ለሚያውቀው ሰው። የማንን ችግር ሳይነገረው ይረዳል? 32 ዓመት አብሮ የኖረበትን ችግር። የማን ውድቀት የዓለም ፍጻሜ ይመስለዋል? ይህ በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳል? ንጹሕ ሰው ይበቃል፤ ሥርዓቱ ሌባ አያስፈልገውም። እንዲያውም ሌባ ያበላሸዋል።

ፖልሰን ወደ ሚኒስቴሩ ከመሄዳቸው ሁለት ዓመት በፊት፣ በ2004፣ አምስቱ ትላልቅ የኢንቨስትመንት ባንኮች ለመጠባበቂያ የሚይዙትን ካፒታል በራሳቸው የሂሳብ ሞዴል እንዲያሰሉ የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን ፈቀደላቸው። ፈቃዱን አጥብቀው ከጠየቁት አንዱ የፖልሰኑ ጎልድማን ነበር። ተፈታኙ የራሱን ፈተና እንዲያርም ማለት ነው። በመስከረም 2008 መጨረሻ ከአምስቱ አንዱም በነበረበት አልተገኘም፤ ቤር ስተርንስና ሜሪል ሊንች ለሌላ ባንክ ተሸጡ፣ ሌማን ብራዘርስ ከሰረ፣ ጎልድማንና ሞርጋን ስታንሊ በአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በፌዴራል ሪዘርቭ ክንፍ ሥር ለመጠለል ሕጋዊ መልካቸውን ወደ ባንክ ባለቤት ኩባንያነት አስቀየሩ። አምስት ተፈታኝ፣ አምስት ወዳቂ። የአንዱ ተፈታኝ አለቃ ግን በዚህ መሐል የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሆነው ነበር።

እንግዲህ «ገበያውን የሚያውቀው ከገበያው የመጣ ነው» የሚለውን የሹመቱን ምክንያት እናስታውስ። በሚያዝያ 2007 ሚኒስትሩ የደካማ ተበዳሪዎች የቤት ብድር ችግር በአብዛኛው ባለበት ተወስኖ የሚቀር እንደሚመስላቸው ተናገሩ። በሐምሌ 2008 ምክር ቤት ቀርበው ደግሞ ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የተባሉትን ሁለቱን የቤት ብድር ተቋማት ለመደገፍ ሰፊ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ባዙቃ መያዜን ሰው ካወቀ ላልተኩሰው እችላለሁ ሲሉም አስረዱ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሁለቱ ተቋማት በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ወደቁ። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ከመንገድ ማንሳት አይቻልም፤ የሦስት ዐሥርት ዓመት ልምድ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሳምንት ነው፤ ግን ምን ያለ ሳምንት! መስከረም 15 ሌማን ከሰረ፤ ለእሱ የሚሆን ገንዘብ አልተገኘም። ሌማን የጎልድማን ተፎካካሪ እንደነበር የሚያነሱ ክፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አላነሳም። በማግስቱ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ኤአይጂ 85 ቢሊዮን ዶላር ከፌዴራል ሪዘርቭ ተገኘ። አንድ ቀን ብዙ ነገር ያስተምራል። ኤአይጂን እንዲመሩ የተመረጡት ኤድዋርድ ሊዲ ከጎልድማን የዳይሬክተሮች ቦርድ ተነስተው ነው የመጡት። ቆየት ብሎ፣ በመጋቢት 2009፣ ለኤአይጂ ከወጣው የሕዝብ ገንዘብ 12.9 ቢሊዮኑ በኤአይጂ በኩል አልፎ ጎልድማን እንደደረሰ ታወቀ። ጎልድማን ኤአይጂ ቢወድቅም እኔ ተሸፍኜ ነበር፣ አልጎዳም ነበር ብሏል። ሳይጎዳ መቀበሉ እንግዲህ የሰጪውን ፊት ላለማሳፈር ነው።

ሚኒስትሩ ሲሾሙ በቀድሞ ባንካቸው ጉዳይ ላለመግባት ቃል ገብተው ነበር። ቃል ደግሞ ከባድ ነገር ነው፤ ስለዚህ የኤአይጂ ውሳኔ ባለፈ ማግስት፣ መስከረም 17፣ ከዚህ ቃል ነጻ የሚያደርግ የሥነ ምግባር ፈቃድ ተሰጣቸው። በዚያች ሳምንት እሳቸውና የጎልድማኑ አለቃ ሎይድ ብላንክፋይን ከሃያ ጊዜ በላይ በስልክ መገናኘታቸውን ኋላ የወጣው የስልክ መዝገብ ያሳያል። ናፍቆት ይሆናል።

ከዚያ ሦስት ገጽ የማትሞላ ወረቀት ምክር ቤት ደረሰች። የምትጠይቀው 700 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የብድር ቅጽ ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መቅናቱ አይቀርም፤ መኪና ለመግዛት እንኳ ከዚያ የበለጠ ወረቀት ይፈረማል። ስምንተኛዋ አንቀጽ ደግሞ ሚኒስትሩ በዚህ ገንዘብ የሚወስኑት ውሳኔ በየትኛውም ፍርድ ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት እንዳይመረመር ትል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንኳ ለይስሙላ ያህል ዙፋን ችሎት ነበራቸው። ምክር ቤቱ አንቀጿን ሲያይ ደነገጠ። ፖልሰን ግን መደራደር ያውቃሉ፤ መስከረም 25 ዋይት ሐውስ ውስጥ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው አፈ ጉባኤዋን ናንሲ ፔሎሲን ተማጸኑ። ፔሎሲም ካቶሊክ መሆንዎን አላውቅም ነበር ብለው ቀለዱ። ግማሽ ቢሊዮን ያካበተ ሰው ተንበርክኮ ሲለምን ማየት ያሳዝናል፤ የለመነው ለራሱ እንዳልሆነ ሲታሰብ ደግሞ አንጀት ይበላል። ለማን እንደለመነ አትጠይቁኝ።

መስከረም 29 የሕዝብ እንደራሴዎቹ 228 ለ205 እምቢ አሉ። የዳው ጆንስ መለኪያ በአንድ ቀን 777 ነጥብ ወረደ፤ ጥቅምት 3 እነዚያው እንደራሴዎች እሺ አሉ። ጡረታውን በአክሲዮን ያስቀመጠ ሕዝብ ገበያ ሲወርድ ምን እንደሚመርጥ ከዎል ስትሪት የመጣ ሰው ቢያውቅ አይገርምም።

ገንዘቡ የተጠየቀው የተበላሹትን የቤት ብድር ሰነዶች ለመግዛት ነበር። ከጸደቀ በኋላ ሐሳቡ ተለወጠ። ጥቅምት 13 የዘጠኝ ትላልቅ ባንኮች አለቆች ወደ ሚኒስቴሩ ተጠሩና መንግሥት ባለድርሻቸው ሊሆን እንደሆነ ተነገራቸው። ሳይመሽ ፈርመው ወጡ፤ ለዘጠኙ 125 ቢሊዮን፣ ከዚህ ውስጥ ለጎልድማን 10። መርሐ ግብሩን እንዲመራ የተመደበው ኒል ካሽካሪ የ35 ዓመት ወጣት ነበር። ከየት መጣ ብላችሁ እንዳትደክሙ፤ ከጎልድማን ነው።

ገንዘቡ ከነትርፉ ተመልሷል ይሉናል፤ ለባንኮቹ የተሰጠው በእርግጥ ተመልሷል። ጎልድማን በሰኔ 2009 ዕዳውን ከፍሎ ነጻ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ አትርፎ ለሠራተኞቹ 16.2 ቢሊዮን ከፈለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የአሜሪካ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ላይ የሐራጅ ሂደት ተጀመረ። ለባንኮቹ አለቆች ውል አንድ ከሰዓት በኋላ አይበቃም ያለ ሰው አልነበረም። የብድር ማሻሻያ የጠየቀ የቤት ባለቤት ግን የደመወዝ ወረቀቱ ጠፍቷልና እንደገና ይላክ እየተባለ ወራት አሳለፈ። እሱ የሚደውልለት ጓደኛ ሚኒስቴር ውስጥ የለውም፤ ቢኖረውም ኖሮ በመዝገብ ይያዝበት ነበር።

ይህን ስናነሳ የሚመጣው መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ ታዲያ ማን ይሾም? ገበሬ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገበሬ ከተሾመ በኋላ የት ይሄዳል? የገንዘብ ሰው ግን መመለሻ አለው። ሮበርት ሩቢን ከጎልድማን ወደ ገንዘብ ሚኒስትርነት ሄደው፣ የንግድ ባንክንና የኢንቨስትመንት ባንክን የሚለያየው የ1933 ሕግ አጥር በ1999 ሲፈርስ አጥሩ ለፈረሰለት ለሲቲግሩፕ ለመሥራት ያንኑ ዓመት ገቡ፤ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈላቸው። ጋሪ ኮን በ2017 የፕሬዚዳንት ትራምፕ የኢኮኖሚ አማካሪ ለመሆን ጎልድማንን ሲለቁ ወደ 285 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ጥቅል ተሸክመው ወጡ። ፖልሰንም ቢሆኑ ከወፎቻቸው ጋር አልቀሩም፤ ቲፒጂ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ለአየር ንብረት ያቋቋመውን በቢሊዮን የሚቆጠር ፈንድ በ2021 መምራት ጀመሩ።

ከሁሉም የሚያምረው ግን የስቲቨን ምኑችን ነው። እሳቸውም በጎልድማን አድገው፣ በ2009 ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር የከሰረውን ኢንዲማክ ባንክ ከመንግሥት ኪሳራ የመጋራት ዋስትና ጋር ገዙና ዋንዌስት አሉት፤ በ2015 በ3.4 ቢሊዮን ተሸጠ። የባንኩ ሥራ አስፈጻሚ ጆሴፍ ኦቲንግ ነበሩ። ምኑችን በ2017 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ ኦቲንግ በዚያው ዓመት የብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪ ሆኑ። ኋላ ሁለቱም ከሥልጣን ወረዱ። በመጋቢት 2024 ኒው ዮርክ ኮሚዩኒቲ ባንክ ሲንገዳገድ የምኑችን ድርጅት ሌሎችን አስተባብሮ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይዞ ደረሰለት፤ ባንኩን እንዲመሩም ኦቲንግ ተሾሙ። ባንኩን የሚቆጣጠረው ኦቲንግ ትናንት የመሩት መሥሪያ ቤት ነው። ስልኩን በቃላቸው ያውቁታል።