ሚያዝያ 27 ከሃይፋ የተነሣው ጣልያን

በ2018፣ በእኛ አቆጣጠር በ2010፣ የጣልያኖቹ የብስክሌት ውድድር ጂሮ ዲታሊያ ከኢየሩሳሌም ይነሣል በተባለ ጊዜ ከተማው ያማረረው መንገድ ሊዘጋ ነው ብሎ ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ ማንን ልደግፍ? ሀበሻ ወገን ሳይዝ ውድድር ማየት አይሆንለትም። ሩጫ ቢሆን ምን ችግር አለ! እዚሁ እስራኤል ውስጥ እንኳ ሃይሌ ሳታይን በ2004 አቴንስ ላይ ማራቶን ሲሮጥ ማንም ግራ አልተጋባም፤ ማሊያው ነጭና ሰማያዊ፣ እግሩ የእኛው።

ጂሮ ግን ሃያ ሁለት ቡድን፣ በየቡድኑ ስምንት ጋላቢ፣ ሃያ አንድ የውድድር ቀን ነው። ስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ፣ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሁሉ በተቃለለ ነበር። የለም። የቀረልን እንግዲህ የአገሩ ቡድን፣ እስራኤል ሳይክሊንግ አካዳሚ ነው። ከስምንቱ ሁለቱ እስራኤላውያን ናቸው፤ የሁለቱም ስም ጋይ፤ ጋይ ሳጊቭና ጋይ ኒቭ። የቀሩት ስድስቱ ደግሞ አንድ ቤልጅጋዊ፣ አንድ ስፔናዊ፣ አንድ አውስትራሊያዊ፣ አንድ ላትቪያዊ፣ አንድ ካናዳዊና፣ ጉድ እኮ ነው፣ አንድ ጣልያናዊ።

ዝርዝሩን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። አጎቴ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ሄርዝል ተራራ አጠገብ፣ ኪርያት ሃዮቬል ይኖራሉ።

«ስድስቱ መቼ ነው የገቡ?» አሉኝ።

«አልገቡም ጋሼ። ተቀጥረው ነው።»

«ኡልፓን ጨርሰዋል?» አዲስ ገቢ ዕብራይስጥ የሚማርበትን ማለታቸው ነው።

«ዕብራይስጥ የሚችሉ አይመስለኝም።»

«እኔም አልጨረስኩ» አሉና ትንሽ አሰቡ። «በል እደግፋቸዋለሁ።»

በአጎቴ በኩል ነገሩ በዚህ አለቀ። ያላለቀው በኢትዮጵያ ጎዳና በኩል ነው።

ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ ዐፄ ዮሐንስ አስጀምረውት በምኒልክ ዘመን፣ በ1893 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ፣ አንድ አባት አውቃለሁ። ከግቢው በር ማዶ ዕብራይስጥን ከመጽሐፍ አውጥቶ ለገበያና ለጠብ ያበቃው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት ስላለ፣ አባ «እነሱ ከዚህ ቋንቋ አወጡ፤ እኛ ከዚህ ጸሎት እናወጣለን» ማለት ይወዳሉ። የውድድሩን መርሐ ግብር ሰጠኋቸው። አባ የፈረንጅ ቀን ሲያዩ ባሉበት ወደ እኛው ይመልሱታል፤ ጣት እንኳ አይቆጥሩም።

«ሜይ 4፣ ሚያዝያ 26፤ ዐርብ፤ ኢየሩሳሌም። መልካም። ሜይ 5...» ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ሚያዝያ 27?»

«አዎ አባ።»

«በአርበኞች ቀን? ጣልያን በአርበኞች ቀን ከሃይፋ ይነሣል?»

እውነት ለመናገር እኔ ልብ አላልኩትም ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን በእኛው 1928 የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ጃንሆይ ተመልሰው ገቡ። ይህን ሁሉም ያውቃል። አባን ያንገበገባቸው የመካከሉ ነው። ጃንሆይ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ኢንተርፕራይዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተጭነው፣ ሚያዝያ 30 የወረዱት ሃይፋ ላይ ነበር። ከዚያ ኢየሩሳሌም መጡ፤ ኪንግ ዴቪድ ሆቴል ዐረፉ፤ ቅዱሳት መካናትን ተሳልመው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። አባ ይህን ሲተርኩ ሻንጣ ያወረዱ ነው የሚመስሉት፤ ያኔ ገና አልተወለዱም።

«ንጉሡ በሱ ምክንያት በሃይፋ ገቡ። እሱ ደግሞ ሰማንያ ሁለት ዓመት ቆይቶ በሃይፋ በኩል ሊወጣ ነው! ቀን ጠፍቶ?»

«አባ፣ እነዚህ እኮ በብስክሌት ነው የመጡት።»

«ዓድዋም በበቅሎ ነው የመጣ።»

ለማስታረቅ ብዬ የጂኖ ባርታሊን ነገር አነሣሁ። ጂሮው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሄርዝል ተራራ ጎን ባለው የሆሎኮስት መታሰቢያ፣ በያድ ቫሼም፣ ለዚህ ለሞተ ጣልያናዊ ብስክሌተኛ የእስራኤል የክብር ዜግነት ተሰጥቶት ነበር። በጦርነቱ ዘመን ልምምድ እየሠራሁ ነው እያለ በፍሎረንስና በአሲዚ መካከል ይመላለስ ነበር፤ በብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ግን ለሚታደኑ አይሁድ የተሠራ የሐሰት መታወቂያ ነበረበት። ፍተሻ ላይ ወታደሮቹ ሲያገኙት ብስክሌቱን እንዳይነኩበት ይለምናል፤ ለፍጥነት ተብሎ በልዩ ልክ የተስተካከለ ነው ይላቸዋል። ዝናው ትልቅ ስለሆነ ይሰሙታል። ያድ ቫሼም በ2013 ከጻድቃን አሕዛብ ቆጥሮታል።

አባ በጥሞና አዳመጡ። «ጂሮውን መቼ መቼ ነው ያሸነፈ?»

«በ1936፣ በ1937...»

«በ1936! ወሩስ?»

ውድድሩ ያለቀው ጁን 7 ነው፤ ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ከገቡ አራተኛ ቀናቸው። አልዋሽ ነገር፣ ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ንጉሡ በስደት፣ እሱ በብስክሌት» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ይሁን። ሰነዱ ያካክሰዋል። ጣልያን ቢሆንም ጻድቅ ነው።»

ዐርብ ከሰዓት በኋላ አጎቴን ይዤ ወረድኩ። በዚያን ጊዜ ሄርዝል ተራራ የቀላል ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ስለነበረ መቀመጫ አይጠፋም፤ ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የበለጠ ክብር የለም። የመጀመሪያው ቀን ውድድር 9.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ጋላቢ ግን ለብቻው፣ በየተራው ተነሥቶ፣ በሰዓት ተለክቶ ነው የሚገባው። አጎቴ ብረት አጥሩን ተደግፈው አንዱ ሲያልፍ አዩ። ጠበቁ። ሌላው አለፈ። አሁንም ጠበቁ።

«ለምን ለየብቻ ይሄዳሉ? ተጣልተው ነው?»

«ሰዓት ነው ጋሼ። ከሁሉም በአጭር ጊዜ የገባ ያሸንፋል።»

«ታዲያ አብረው ተነሥተው አይተያዩም?»

መልስ የለኝም። ይልቁንስ ከጋላቢዎቹ ፊት የሚሄዱት ሞተረኞች አዳኑኝ። አጎቴ ድንገት ማጨብጨብ ጀመሩ። «ቀደመ! ቀደመ!»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ፖሊስ ነው።»

«ቢሆንም ቀድሟል።»

ከዚያ ወዲያ ያ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ሞተሮቹን ደግፈው ዋሉ፤ ደግሞ አንድም ጊዜ አልተሸነፉም። ከጋላቢው ኋላ፣ ጣራው ላይ መለዋወጫ ብስክሌት ደርድሮ የሚከተለውን የቡድን መኪና ሲያዩማ አደነቁ፤ «ብልጥስ ይሄ ነው። ብስክሌቱን ጭኖ ተቀምጦ ይሄዳል።»

ሆላንዳዊው ቶም ዱሙላን በ12 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ አንደኛ ሆነ። አውስትራሊያዊው ሮሃን ዴኒስ ሁለተኛ፤ ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ። አጎቴ ሁለት ሰከንድ የሚባለውን ነገር እንደ መለኪያ አልተቀበሉትም። እንግሊዛዊው ክሪስ ፍሩም መንገዱን ሊያይ ሲዞር ወድቆ ስለነበረ 37 ሰከንድ ተቀደመ። አጎቴ ክንዱን አዩና «ይህስ አለቀለት» ብለው ፈረዱ። ሰንበት ሳይገባ ቤታችን ገባን።

በማግስቱ፣ ሰንበት በመሆኑ አጎቴ ቴሌቪዥን አይነኩም፤ ስለ ብስክሌት ማውራትም እንዲሁ። አባ በበኩላቸው ሰማዕታትን አስበው ዋሉ። 167ቱን ኪሎ ሜትር ከሃይፋ እስከ ቴል አቪቭ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሁለቱም ወገን ምስክር ሆኜ። ምስክርነት ከባድ ነው፤ በአርበኞች ቀን ያሸነፈው ኤሊያ ቪቪያኒ ነው። ጣልያን!

ማታ ሦስት ኮከብ ሲወጣ አጎቴ ደወሉ። «እህሳ?»

«ቪቪያኒ አንደኛ ወጣ። ሮዙን ማሊያ ግን ሮሃን ዴኒስ ወሰደው።»

ሮዝ የውድድሩ መሪ የሚለብሰው ነው፤ ጂሮን በ1909 የጀመረው ጋዜጣ፣ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት፣ የሚታተመው በሮዝ ወረቀት ስለሆነ። ማሊያው ከ1931 ጀምሮ አለ። ይህን አስረዳሁ። ያላስረዳሁት፣ ያልተቻለኝም፣ የሚከተለውን ነው።

«ትናንት ያሸነፈው ሰውዬስ?»

«ዛሬም አብሮ ነው የገባ።»

«ታዲያ ማሊያውን ምን ብሎ ሰጠ?»

«መንገድ መካከል አንድ ምልክት አለ፤ እዚያ ቀድሞ የደረሰ ሦስት ሰከንድ ይመረቅለታል። ዴኒስ ያንን ወሰደ። አሁን በአንድ ሰከንድ ይመራል።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። «ሰከንድ መንገድ ላይ ይሰጣል?»

«ለቀደመ ነው።»

«እኛ ብዙ መንገድ ሄድን፤ አንድም የሰጠን የለም።»

ለአባ ግን ስለ ቪቪያኒ እስከ ሰኞ ልሸሽግ አስቤ ነበር። እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ራሳቸው ጠየቁ። ነገርኳቸው። «ጃንሆይስ የገቡት በአምስት ዓመቱ አይደል? እንታገሣለን» አሉ።

እሑድ ከቤር ሼቫ እስከ ኤላት 229 ኪሎ ሜትር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በረሃ። እሑድ በዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፤ አጎቴ ግን ጡረተኛ ናቸው፤ እሳቸው ከሶፋ፣ እኔ ከሥራ ቦታ በስልክ ተያይዘን አየን። በዚህ ቀን ነው ደጋፊነታችን ወግ የያዘው። ገና ከመነሻው ሦስት ሰዎች ተነጥለው ወጡ። አንደኛው የእኛው ጊዮም ቧቫን፣ ካናዳዊው፣ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ባርቢንና ፍራፖርቲ፣ ጣልያኖች። ሦስት ሰው ኔጌቭ በረሃ ላይ፣ ከፊት ጠራራ ፀሐይ፣ ከኋላ መቶ ሰባ የሚሆን ሕዝብ እያሳደደ።

«ምን አድርገው ነው?» አሉ አጎቴ።

«ምንም። ቀድመው ለመግባት ነው።»

«ይደርሱባቸዋል?»

«ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይደርሱባቸዋል።»

«እያወቁ ነው የወጡ?»

«እያወቁ።»

ከዚያ በኋላ ስልኩን አልዘጉም፤ አልተናገሩምም። በየመካከሉ «አይዞህ» ሲሉ እሰማለሁ። ለካናዳዊው ብቻ ይሁን ለጣልያኖቹም ጭምር አልጠየቅኳቸውም። ኤላት ሳይደርሱ ተያዙ። ደግሞም ቪቪያኒ አሸነፈ።

ሰኞ የዕረፍት ቀን ነው፤ ሰዉም ብስክሌቱም በአውሮፕላን ወደ ሲሲሊ ተሻገረ። አጎቴን ከሁሉ ያስቆጣቸው ይህ ሆነ። «ሦስት ቀን ሠርተው ዐረፉ? እግዚአብሔር እንኳ ስድስት ቀን ሠርቷል።»

ይህን ለማለት መብት አላቸው። በ1984 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ገጠር እስከ ሱዳን በእግር ሲሄዱ፣ ሌሊት ሌሊት፣ መንገድ በሌለበት፣ ከፊት ሞተረኛ አልነበረም፤ ከኋላም መለዋወጫ የጫነ መኪና የለም። ከጂሮው ዕረፍት ቀጥሎ የመጣው እሑድ የኢየሩሳሌም ቀን ነበር፤ እንደየዓመቱ ነጭ ለብሰው፣ በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ለቀሩት፣ ወደ 4,000 ለሚገመቱት፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ወደቆመው መታሰቢያ ወጡ። በዚያን ቀን ስለ ጂሮ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሣሁም።

በማግስቱ ግን ገና በጠዋቱ፣ «ያ ጋይስ?» አሉ።

ያ ጋይ ማለት ሳጊቭ ነው፤ ጋይ ኒቭ ዘልቆ አልጨረሰም። ክንዱ የተላላጠው ፍሩም፣ አለቀለት የተባለው፣ ልክ በአራተኛው ዐርብ ፊኔስትሬ የሚባል ተራራ ላይ 80 ኪሎ ሜትር ሲቀር ብቻውን ወጥቶ ሮዙን ማሊያ ወሰደ፤ ጂሮውንም አሸነፈ። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «ብዬህ ነበር» አሉ። ምን ብለውኝ እንደነበር አላስታወስኳቸውም።

የመጨረሻው ቀን ሮም ላይ ነበር፤ ግንቦት 19። እዚያ ደግሞ የማይጠበቅ ነገር ሆነ፤ ጋላቢዎቹ የከተማው መንገድ ጎርበጥባጣና ጉድጓዳም ነው ብለው አመፁ። አዘጋጆቹ ጥቂት ዙር ከተሄደ በኋላ ሰዓት መቁጠሩን ተዉት። ይህን ዜና ይዤ ኢትዮጵያ ጎዳና በሩጫ ነው የሄድኩት።

አባ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ሮም ላይ? የሮም መንገድ ተበላሽቶ?»

«አዎ አባ።»

«መንገድ ሠራንላችሁ ሲሉን ኖረው!» እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሐውልታችን ቆሞበት የነበረውስ ሰፈር?»

«እዚያው አካባቢ ነው የሚዞሩት። ሐውልቱ ግን በ2005 አክሱም ገብቷል።»

«እንግዲያውስ ይጋልቡ» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀዱ።

ከዚያ ወደ ሄርዝል ተራራ ወጣሁ። አጎቴ ቡና ቀርቦላቸው ይጠብቁኝ ነበር። ጋይ ሳጊቭ ሮም ገባ፣ ከሦስቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን የጨረሰ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ሆነ አልኳቸው።

«ስንተኛ ወጣ?»

«ከመቶ በላይ ሰው ቀድሞታል ጋሼ።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ምን አለበት? እኔም ሱዳን ስገባ ብዙ ሰው ቀድሞኝ ነበር።»