የሐኪም ያለህ!

አዲስ አበቤ አጥር የሚሠራለት ግንበኛ ሲፈልግ ሰውየው ቀድሞ የሠራቸውን ሁለት ሦስት ግንቦች ዞሮ ያያል። ብሎኬቱን መታ መታ ያደርጋል፣ ልስኑን በጥፍሩ ይፍቃል፣ ባለቤቱን አስጠርቶ «ክረምቱን ቻለው ወይ?» ይላል። ሚስቱን የሚያዋልድ ሐኪም ሲፈልግ ግን አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ «ጎበዝ ነው ይባላል?» ማን እንዳለ፣ ምን አይቶ እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ይባላል ከተባለ ተባለ ነው።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዋን ያረገዘችው በማይሆን ጊዜ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በሳምንቱ ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እሷም በዚያው ሰሞን ሁለት መስመር ያወጣውን መመርመሪያ ለባሏ አሳየችው። ስለዚህ ቤተሰባችን በአንድ ሳምንት ሁለት አዋጅ ሰማ፤ ሁለቱም ተጠንቀቁ የሚሉ ናቸው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ሐኪም ይመረጥላት ነበር። መሰብሰብ ስለተከለከለ ሸንጎው ወደ ስልክ ዞረ፤ ስልክ ደግሞ ከጀበና የከፋ ነው፣ ሦስተኛ ላይ አያበቃም። አንዷ አክስት የአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ሚስትን ያዋለደውን ጠቆመች። ሌላዋ «ኧረ እሱ ይስቃል፤ የሚስቅ ሐኪም ምን ያውቃል? እኔን የያዘኝ ሲቆጣ ያንቀጠቅጥሃል፤ ጎበዝ ማለት እሱ ነው» አለች። እህቴ ሴት ሐኪም ትሁን ስትል የልጅቱ አማት «ሴት ለሴት አታዝንም» ብለው ወንድ ይሁን አሉ። ባንክ የሚሠራው ባሏ «ቢቻል ፕሮፌሰር» አለ፤ ብድር የሚያጸድቅ እንጂ ልጅ የሚቀበል ሰው የሚፈልግ አይመስልም ነበር። በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙበት አንድ ስም ወጣ፤ ማረጋገጫውም «እጁ መድኃኒት ነው» የሚል ነው። በእኛ አገር ከዚህ በላይ የትምህርት ማስረጃ የለም።

እኔ እንደ አጎትነቴ አንድ ነገር ጣል አደረግሁ። «ምጡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢመጣ ማን ነው እዚያ የሚኖረው?» እህቴ በስልክ ውስጥ አፈጠጠችብኝ። «አንተ ደግሞ ምን ያሟርትሃል?» ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

አሁን እንግዲህ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞር ሆነ፤ በዚያ ወቅት ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ የሚያስከፍልበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ሲገቡ ወንበሮቹ ተራርቀዋል፣ በየመሃሉ በፕላስተር የመስቀል ምልክት ተለጥፎባቸዋል፣ የተቀመጠ ሰው የለም። የእህቴ ልጅ ቫይረሱን ስለምትፈራ ደስ አላት። ባሏ ግን ከበሩ አላለፈም፤ «ሰው የለም እኮ፤ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይዟት ወጣ። እጁ መድኃኒት የተባለው ጋ ሄዱ። ሕዝቡ ከእንግዳ መቀበያው አልፎ ደረጃው ላይ ፈሷል፤ ማስኩ ሁሉ አገጭ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ደስ ያለው እሱ፣ የደነገጠችው እሷ። እንዲህ አድርገው የሚፈልጉት ሐኪም ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ አዲስ አበባ በሙሉ የሚጋፋለት፣ ግን ክሊኒኩ ባዶ የሆነ።

የመንግሥት ሆስፒታልማ ስሙም አልተነሣ። ጋንዲ፣ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱ ስትላቸው «እዚያ ማን ያይሃል?» ይሉሃል። እዚህ ላይ የሚያስቀኝ ነገር አለ። እጁ መድኃኒት የተባለው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ማንም የማያይበት በተባለው የመንግሥት ሆስፒታል ነው የሚሠራው፤ ያስተምራል፣ ያክማል፣ ያዋልዳል፣ ለእናቶችም አገልግሎቱ በነጻ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ነው ጋውኑን ቀይሮ የግል ክሊኒኩ የሚመጣው። አንድ ሰው ጠዋት ግዴለሽ፣ ማታ መልአክ ነው። መሃል ላይ የተለወጠው ካርድ ማውጫው ብቻ ነው።

በእርግጥ ይህ የምርጫ ጭንቀት የከተማችን ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ ወሊዶች 97ቱ ጤና ተቋም የተካሄዱ ናቸው፤ በአገር ደረጃ ግን 26 ብቻ። ሌላው ሐኪም ሲያጣ፣ እኛ ሐኪም ስናማርጥ ምጥ ይመጣል።

የዚያን ሰሞን በየቀኑ ቴሌቪዥን ላይ እናያቸው የነበሩት የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰም በሙያቸው የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ናቸው። የልጅቱ አማት ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። «እንግዲያው ለምን እሳቸው ጋ አትወስዷትም? በየቀኑ አሉ አይደል እንዴ!» አገሩ ሁሉ ስንት ሰው ተያዘ ብሎ አፋቸውን በሚጠብቅበት ሰዓት ይህ የተባለበት ቤት የእኛ ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ቀጥሎ የመውለጃ ቀኗ ራሱ ሐኪም መመዘኛ ሆነ። የመጨረሻ የወር አበባዋ የካቲት 10 ነበር። ከዚያ 280 ቀን ነው የሚቆጠረው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ትሄድና መንገድ ላይ አምስት ቀን ያላት ጳጉሜን ካለች አምስት፣ ጳጉሜን ከሌለች አሥር ቀን ትጨምራለህ፤ ኅዳር 15 ላይ ያርፋል። አንዱ ሐኪም ይህንኑ ነገራት። ሌላው አልትራሳውንድ አይቶ ኅዳር 19 አለ። አማትየው ደግሞ ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት ባለው ቁጥር የጸኑ ስለሆኑ «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ብለው ከሰሙበት ቀን ጀምረው ቆጠሩና የገና ማግስት አሉ። የቤተሰቡ ፍርድ፤ ሁለቱ ሐኪሞች ስላልተስማሙ አንዳቸውም አያውቁም፣ እማማ ግን አልተጠራጠሩም። በተባለው ቀን የሚወለደው ሕፃን ከሃያ አንድ ገደማ መሆኑን ብነግራቸው ለማን ይገባል ብዬ ተውኩት።

የዶክተሩ ክሊኒክ (አዎ፣ በመጨረሻ እጁ መድኃኒት የተባለውን መረጡ፤ ግፊያው አሸነፈ) ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚከበረው አልትራሳውንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ይበቃል ይላል፤ ክትትሉ ግን ቢያንስ ስምንት ጊዜ ይሁን ይላል። የእኛዎቹ ገልብጠው ያዙት። ክትትሉን ኮሮና ፈርተው ይዘሉታል፣ የሄዱ ቀን ግን ፎቶ ሳይወስዱ አይመለሱም። ባልየው በር ላይ ቀርቶ በቪዲዮ ሲያይ፣ እህቴ ከጎኑ ሆና «አፍንጫው የእኛ ነው» ስትል፣ እኔ እስካሁን ድረስ የዝናብ ደመና ነው ያየሁት።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ነርስ አለች። የነፍሰ ጡሯን ክንድ አስሮ ደም ግፊት መለካት፣ ሽንት መቀበል፣ «ራስ ምታት አለሽ? ዓይንሽ ይጭበረበራል?» ብሎ መጠየቅ የእሷ ሥራ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ፎቶም የለውም። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ደም ግፊት ከደም መፍሰስ ቀጥሎ እናቶችን ከሚቀጥፉት አንዱ ሲሆን የሚያዘውም በዚህች ሁለት ደቂቃ ነው። ቤት ሲመለሱ «ዶክተሩ ምን አለ?» ይባላል እንጂ «ግፊትሽ ስንት ነው?» ያለ ሰው አልሰማሁም። አንድ ቀን ነርሷ ደግማ ልለካሽ ስትላት ባልየው ተናደደ፤ «የማታውቅ ናት፣ ሁለቴ ነው የምትለካው!»

ሜሪላንድ ያለችው ታናሽ እህታችን በበኩሏ በየምሽቱ እየደወለች ታስለቅሰን ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ አንዳንድ ሆስፒታሎች ባል ማዋለጃ ክፍል እንዳይገባ ከለከሉ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ በመጨረሻ የግዛቲቱ መንግሥት አንድ አጋዥ ይግባ ብሎ አዘዘ። «አስቡት፣ ባሏን በር ላይ!» ትላለች። እህቴ ግራ ገብቷት ዝም ብላ ሰማቻትና «ታዲያ ሌላ ጊዜ ወዴት ነበር የሚቆመው?» አለች። ልጆቿን ስትወልድ ባሏ ፔርሙስና አጥሚት ይዞ ከጥበቃው ጋር ሲጨቃጨቅ ያነጋ ሰው ነው። ለኒው ዮርክ አዲስ የሆነው ክልከላ ለብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎቻችን የቆየ ደንብ ነው፤ በኮሮና ጊዜ የተጨመረው ጥበቃው ግንባርህ ላይ የሚደቅነው የሙቀት መለኪያ ብቻ ነው።

ወረርሽኙ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ መጋቢት 9፣ የፌስቱላ ሐኪሟ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። በስልክ ሸንጎው ላይ ሁሉም አዘነ፤ «እንደሳቸው ያለ ሐኪም የት ይገኛል?» ተባለ። እሳቸውና ባለቤታቸው በ1951 ዓ.ም. የመጡት ግን በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር፤ በኋላም እሳቸው የአዋላጆች ኮሌጅ ከፍተዋል። ፌስቱላ ምጥ ላይ በጊዜው የሚደርስ ሰው በማጣት የሚመጣ መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ለባልየው አጫወትኩት። በአክብሮት ሰማኝና «ልክ ነው ጋሼ፤ አዋላጅ ለገጠር ወሳኝ ነው» አለኝ።

ኅዳር 12 ደረሰ። በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀው የኅዳር በሽታ ይታሰባል እየተባለ እንደ ልማዱ በየደጁ ቆሻሻው ይቃጠላል። እህቴ ጭሱ እንዳይገባ መስኮቱን በፎጣ ስትደፍን ዋለች፤ አማትየው «ይግባ፣ ጭሱ ኮሮናውንም ያስወጣል» ብለው ሲያነሱት ዋሉ። በማግስቱ ሌሊት ምጥ መጣ፤ ያሟረትኩት ሰዓት አካባቢ መሆኑን ሳነሳ የሰማኝ የለም።

ለዶክተሩ ተደወለ። ስልኩን ያነሳው ሰው ኮሮና ይዞት ቤቱ መተኛቱን ተናገረ። ክሊኒኩ ሲደርሱ የቀሩት ተረኛ ሐኪሙና አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ ተረኛው ሌላ ክፍል ኦፕራሲዮን ላይ ነው። የእህቴ ልጅ አምስት ሰዓት አማጠች። ደጅ ያሉት ሴቶች ማርያም ማርያም ሲሉ ጥበቃው «ተራርቃችሁ!» እያለ በመሃላቸው ይዞራል። ከነጋ በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሦስት ጊዜ እልል ተባለ፣ ማስክ ውስጥ ስለሆነ ድምፁ እምብዛም አልወጣም። ባልየው ያዋለደቻትን ነርስ ሊያመሰግን ገባ። አራት ሴቶች ቆመዋል፤ አራቱም ተሸፍነዋል። አንዷን አቅፎ ሊስም ሲል «እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ እሷ ተረኛነቷን ጨርሳ ሄደች» አለችው። የነርሷን ስም አልጠየቀም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። ገንፎው ቀርቧል፣ ቅቤው ከመሃል ይንተከተካል። ባልየው በረንዳው ላይ በስልክ ያወራል፤ የባልደረባው ሚስት እንዳረገዘች ገባኝ። የዶክተሩን ቁጥር እያስጻፈው ነው። በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ዶክተሩ ምጡ ላይ አብሯት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው መሰለኝ።

«አይ፣ እሱ እንኳን አሞት ቤቱ ነበር» አለው፤ «ግን ምን ልንገርህ፣ እጁ መድኃኒት ነው!»