ለሊቆች ብቻ!

ስልክ በተከፈተ ቁጥር አንድ ፈተና ተደቅኖ ይጠብቀናል። ሦስት ሙዝ፣ ሁለት ብርቱካን፣ አንድ ስኒ ቡና፤ በመካከላቸው የመደመርና የማባዛት ምልክት። ከላይ በቀይ ቀለም «ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ ይሳሳታል» ተብሎ ተጽፏል። ይህን አንብቦ «እኔ ከዘጠና ዘጠኙ ወገን ነኝ» ብሎ ያለፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ያ አንድ የተረፈው ሰው ሁላችንም ነን።

እ.ኤ.አ. በ2019 8÷2(2+2) የምትል አንዲት መስመር ዓለምን ለሁለት ከፈለች። ግማሹ 16 ነው አለ፣ ግማሹ 1። ኮሌጅ የበጠሱ ሰዎች በአራተኛ ክፍል ሂሳብ ተሰዳደቡ። ጉዳዩን ያዩ የሂሳብ ምሁራን አጻጻፉ ራሱ አሻሚ መሆኑን፣ አንድ ቅንፍ ቢጨመር ጠቡ እንደሚያልቅ አስረዱ። ተሰዳዳቢው ግን ቅንፉን አልፈለገውም። ጠቡ ካለቀ ማን ከማን እንደሚበልጥ በምን ይታወቃል?

ቁጥር መቀጠልም አለ። 2፣ 4፣ 8፣ ቀጥሎስ? «16!» ይላል ፈጣኑ፤ እያንዳንዱን በሁለት አባዝቶ። 14 ያለው ሰው ይሳቅበታል። እሱ ግን መጀመሪያ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 6 እየጨመረ ነው የደረሰው፤ ስሌቱ እንከን የለውም። ጥፋቱ ጠያቂው ያሰበውን አለማሰቡ ብቻ ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በቅጥር ፈተና ላይ የሚወድቁትም አንዳንዴ እንዲህ ነው። ማሰብ ሳያቅታቸው፣ የፈታኙን ሐሳብ መጠንቆል አቅቷቸው።

ችኮላችንም ሌላ ጉድ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ በአንድ ላይ 110 ብር ናቸው፤ ደብተሩ ከእስክሪብቶው በ100 ብር ይበልጣል፤ እስክሪብቶው ስንት ነው? ጥያቄው ሳያልቅ «አስር!» የሚል ድምፅ ይሰማል። መልሱ 5 ነው። ሼን ፍሬድሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ ለአሜሪካ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አቅርቦ ነበር፤ ብዙዎቹ ተሳስተዋል። መደመር የማይችሉ ሆነው አይደለም፤ መጀመሪያ የመጣላቸውን መልስ ወደውት ነው። እኛ ደግሞ «በአምስት ሰከንድ ውስጥ መልስ» የሚለውን ፈተና የብልህነት ሚዛን አድርገነዋል።

የብልህነት መለኪያ ፈተና አባት ተብሎ የሚጠራው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ቢሰማን ያፍር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ከባልደረባው ከሲሞን ጋር ያዘጋጀው መለኪያ ትምህርት የከበዳቸውን ሕፃናት ለይቶ ለመርዳት የታሰበ ነበር። አእምሮ ተለክቶ የሚዘጋ ነገር አይደለም ብሎም አጥብቆ ይከራከር ነበር። እሱ የሚረዳውን ሕፃን ፈለገበት፤ እኛ የምንንቀውን ባልደረባ እንፈልግበታለን።

የአያቶቻችን እንቆቅልሽ በዚህ ይሻላል። መልሱ የጠፋው ሰው «ሀገር ስጠኝ» ሲባል ሀገሩን ያስረክባል፣ ትንሽ ይቀለድበታል፣ መልሱንም ሰምቶ አውቆ ይተኛል። የዛሬው ተሸናፊ ሀገር አይሰጥም፤ «ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው» ይላል።

በየቢሮው ያለውን እንኳ ባናነሳው ይሻል ነበር። ባለጉዳይ በመስኮት በኩል «ሲስተም የለም» ተብሎ ቆሟል። ከመስኮቱ ጀርባ አራት ሠራተኞች አንድ ስልክ ከበው ሙዙ ሁለት ፍሬ ነው ሦስት እያሉ ይከራከራሉ። በዚህ መሐል ትርፍ ያገኘው አንድ ሰው ነው፤ ጥያቄውን የለጠፈው። እሱ መልሱን ባያውቀው እንኳ ተመልካቹ በዝቶለታል።

እንቆቅልሽ መፍታት ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ይፈታ፣ ይሳቅበት። የሊቅነት የምስክር ወረቀት ግን አይደለም። ደግሞም እባካችሁ፣ በምሳ ሰዓት ይሁን።