ምስጋናው ከፊልሙ ሊረዝም ነው

ፊልሜ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። መጨረሻው ላይ የሚያልፈው የምስጋና ጽሑፍ ደግሞ አራት ደቂቃ። ያስተማሩኝ ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «ይኼ ፊልም ነው ወይስ የዕድር መዝገብ?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤዲተር ስለነበሩ መቁረጥ ይወዳሉ።

ምን ላድርግ፣ ባለውለታዬ ብዙ ነው። መጀመሪያ የተጻፉት አከራዬ እትዬ ናቸው። ቤታቸው ስንቀርፅ ፍሪጁ እያጉረመረመ ድምፅ አላስቀዳ አለን። የነቀልኩት እኔ፣ መልሼ መሰካቱን የረሳሁትም እኔ። የፋሲካ ሰሞን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሲከፍቱት ከዶሮ ወጡ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከተዋናዮቼ አንዱም አልወጣውም፤ ያሳዘነኝ መቅረጫው መጥፋቱ ነው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ አልሳቁም። «ፍሪጅ ስትነቅል የመኪናህን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጥ። ያለ ቁልፍ ስለማትሄድ መሰካቱን አትረሳም» አሉኝ። የድምፅ ባለሙያዎች የቆየ ዘዴ ነው። እኔ መኪና የለኝም፤ የታክሲ ብሬን ማስቀመጥ ጀመርኩ።

የሙዚቃው ዕዳ ከዶሮውም ይብሳል። አባቴ የተመኙልኝ መሐንዲስነት ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም ዌልስ የሄዱት ምሕንድስና ሊማሩ ነው፤ ይህን ለአባቴ በየበዓሉ አስታውሳቸዋለሁ። ጂም ጃርሙሽ በ2005 እ.ኤ.አ. «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ ተጠቅሟል። ቢል መሪ እየነዳ ያዳምጠዋል፤ ሲዲውን የሰጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው፣ ስሙም ዊንስተን። ዊንስተን የሚባል ሐበሻ እስካሁን አልገጠመኝም። ግን አንድ ሰው መኪና ከመንዳት በቀር ምንም ሳያደርግ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ የተከለው ያ ሙዚቃ ነው።

ስለዚህ እኔም ዘጠኙንም ደቂቃ ሙዚቃ ሞላሁት። አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ቡና ስትለቅም እንኳ ማሲንቆ አስለቀስኩባት። ጋሼ አዩና «ሙዚቃው አልቅሶ ከጨረሰ ልጅቷ ምን ትሥራ?» አሉ። ቤታቸው ወስደውም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከፈቱልኝ። እማሆይ አንዱን ድምፅ ነክተው ቀጣዩን ለመንካት አይቸኩሉም፤ እንግዳ ሲኒውን እስኪያስቀምጥ የሚጠብቁ ይመስላሉ። በማግስቱ ማሲንቆውን አወጣሁት። የቀረው ፍሬዎቹ ሰፌዱ ላይ ሲንኮሻኮሹ ብቻ ነው። በፊልሙ የምኮራበት ሃያ ሰከንድ እሱ ነው፤ የእኔ እጅ ግን የለበትም።

አባቴ «ለዘጠኝ ደቂቃ ሁለት ዓመት?» ሲሉኝ ጋሽ ኃይሌ ገሪማን ጠራሁ፤ «ጤዛ» የተባለው ፊልማቸው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። «እሱስ ሁለት ሰዓት ከሃያ አወጣ!» አሉኝ። ተደብቀው ማየታቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አባቴንም ምስጋናው ላይ ጨመርኳቸው።

በመጨረሻ ጋሼ እስክሪብቶ አነሡ። መጀመሪያ የሰረዙት የራሳቸውን ስም ነው። እትዬን አልነኩም። አራቱ ደቂቃ አርባ ሰከንድ ሆነ፤ የጋሼን ስም እሳቸው ሳያዩ መልሼ አስገብቼዋለሁ። እባካችሁ ፊልሙ አለቀ ብላችሁ ቶሎ አትነሡ፤ አርባ ሰከንድ ብቻ ነው።