ቴብልን በጓሮ በር ስለመክፈት የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጋሪት ስላልተገኘ በጄነሬተር ድምፅ ታጅቦ፣ መቐለ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለች አንዲት የማስታወቂያ ቢሮ የታወጀ።

ደንበኞቻችን የተመዘገቡበት የማርኬቲንግ ሲስተም፣ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ መልእክት ያልከፈተውን ሁሉ «ፍላጎት የሌለው» ብሎ ከስክሪኑ የሰወረ በመሆኑ፤ ከተማው ከሁለት ዓመት በላይ ኢንተርኔት እንዳልነበረው የነገረው ስለሌለ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ የእንቁጣጣሽ ሰላምታውን በየዓመቱ ሲልክ የከረመ በመሆኑ፤ የተሰወሩት ግን ሳይሰረዙ የዳታቤዙ ሰንጠረዥ በሆነው ቴብል ውስጥ ቁጭ ብለው ስለተገኙ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ «ክላየንት» ማለት ያማረውን ስክሪን ትቶ በጓሮ ገብቶ ቴብሉን በቀጥታ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ቡና የምናዝለት ክላየንት ሌላ ነው።

አንቀጽ 2፦ በጓሮ የሚገባው የሰርቨሩን አድራሻ፣ 3306 ፖርትን፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ይዞ ይቀርባል። አይፒ አድራሻው ቀድሞ ያልተመዘገበ ከደጅ ይመለሳል። የእኛ አይፒ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ስለሚቀያየር፣ ሠራተኛው በየጠዋቱ እንደ እንግዳ ይመዘገባል።

አንቀጽ 3፦ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

አንቀጽ 4፦ ፈቃዱ ለማንበብ ብቻ ነው። ምክንያቱን ለሚጠይቅ፦ አዋጅ አውጪው አምና የአንዲት እናት ስልክ አርማለሁ ብሎ የትኛው ረድፍ እንደሆነ መጥቀሱን ቢረሳ፣ የደንበኛው ሁሉ ስልክ የእሳቸው ሆኖ አደረ። በማግስቱ የቅናሹን ማስታወቂያ ሁሉ ብቻቸውን ተቀበሉና ደወሉ። «ልጄ፣ ስንት ጊዜ ነው ጫማ የምገዛው?»

አንቀጽ 5፦ ከተማ በሚለው ዓምድ የተገኙት «መቐለ»፣ «መቀሌ» እና «መቀለ» አንድ ከተማ ናቸው። ስልክን እንደ ሒሳብ ቁጥር ቆጥሮ የፊቷን 0 የበላ ዓምድ ሲነበብ ይመልሳት። «3 ሰዓት ላክ» የተባለው መልእክት በሰርቨሩ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሰው ቀስቅሷልና፣ ከእንግዲህ ሰዓት የሚጽፍ ሰው ጠዋት ይሁን ሌሊት ይናገር።

አንቀጽ 6፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደዚህኛው የቀልድ አዋጅ አይደለም። ቴብሉን ኤክሴል ላይ ገልብጦ በፍላሽ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሠራተኛ ይህን ይወቅ።

አንቀጽ 7፦ ከጥቅምት 2013 ወዲህ ዝም ያሉት ተለይተው ይነበቡ። «ፍላጎት የሌለው» የሚለው ቃል ይፋቅ እንዳይባል አንቀጽ 4 ይከለክላል። ስለዚህ ስማቸው በወረቀት ታትሞ አንድ በአንድ ይደወልላቸው። ስለ ጫማ አይነገራቸውም፤ «እንዴት ከረማችሁ» ብቻ ይባላሉ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ያላነሳ ሰው ሲያጋጥም፣ በስሙ ትይዩ ምንም አይጻፍ።