ስለ ሉተን ደጋፊና ስለ አምስቱ ዓመት፦ መጠነኛ ጥናት

ሰው መከራ ሲደርስበት ያማርራል፤ ካለፈለት በኋላ ግን ያንኑ መከራ እንደ ርስት አጥሮ ይይዘዋል፤ ማንም እንዲካፈለው አይፈልግም። ይህ ባሕርይ በጡረታ በወጡ ወታደሮች፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ባደጉ ሰዎችና በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው ስኳር በገዙ እናቶች ዘንድ በሰፊው ይታያል። ሆኖም እስከ ዛሬ ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። ለጥናቱ የተመረጠው የእንግሊዙ የሉተን ታውን ደጋፊ ነው። የተመረጠበት ምክንያትም ስለ መከራው ሲያወራ ቁጥር ስለሚጠቅስ ነው። ጡረተኛው ወታደር "በጣም ብዙ ነበሩ" ብሎ ያልፋል፤ የሉተን ደጋፊ ግን ስንት እንደነበሩና በስንተኛው ደቂቃ እንደመጡ ይናገራል።

ሉተን ከለንደን በስተሰሜን ያለች ከተማ ናት፤ አብዛኛው የአገራችን ሰው የሚያውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ነው። ድሮ የገለባ ባርኔጣ ይሠራባት ስለነበር ክለቡ "ባርኔጣ ሠሪዎቹ" ይባላል። የተመሠረተው በ1885 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በ1988 ዌምብሌይ ላይ አርሰናልን 3 ለ 2 አሸንፎ የሊግ ካፕ ዋንጫ ወስዷል፤ የአርሰናል ደጋፊ የሆነ አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር ሊዘለው ይችላል። ሜዳው ኬኒልወርዝ ሮድ ከ1905 ጀምሮ እዚያው ነው። የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ወደ ሜዳው የሚገባው በተደረደሩ መኖሪያ ቤቶች መካከል በተከፈተ በር ሲሆን፣ ደረጃውን እየወጣ የሰው ጓሮና የተሰጣ ልብስ ያያል። ጥናቱ ይህን የጠቀሰው ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ አይደለም፤ የሉተን ደጋፊ ይህ ሳይነገር ሌላው እንዲነገር ስለማይፈቅድ ነው።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ላይኛዎቹ አራት እርከኖች 92 ክለቦችን ይይዛሉ። ከ92ቱ ውስጥ ያለ ክለብ ምንም ያህል ቢደኸይ ከሰው ተራ ይቆጠራል። ከዚያ በታች ያለው አምስተኛው እርከን በጥናታችን ዘመን ኮንፈረንስ ይባል ነበር፤ ዛሬ ናሽናል ሊግ ተብሏል። እዚያ ካሉት ክለቦች የብዙዎቹ ተጫዋቾች ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ ልምምድ የሚገቡ ነበሩ። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ነው። በዓመት የሚወጡት ሁለት ክለቦች ብቻ ናቸው፤ አንዱ አንደኛ የጨረሰው፣ ሌላው ፕሌይ ኦፍ በሚባለው የጥሎ ማለፍ ትግል የተረፈው።

ሉተን እዚያ የደረሰው በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ወርዶ ነው፦ በ2007 ከሁለተኛው እርከን ከሻምፒዮንሺፕ፣ በ2008 ከሦስተኛው ከሊግ ዋን፣ በ2009 ከአራተኛው ከሊግ ቱ። የመጨረሻው ውድቀት ግን ከኳስ ይልቅ የሒሳብ ነበር። የ2008/09 የውድድር ዘመን ሲጀመር ሌላው ሁሉ ከዜሮ ሲነሣ ሉተን የተነሣው ከዜሮ በታች 30 ነጥብ ላይ ሆኖ ነው። 10ሩን የቀነሰው የእግር ኳስ ማኅበሩ ነው፤ ለተጫዋቾች ወኪሎች የተከፈለው ገንዘብ ከደንብ ውጪ ነበር በሚል። 20ውን የቀነሰው ሊጉ ነው፤ ክለቡ ከኪሳራ አስተዳደር የወጣበት መንገድ ደንቡን አላሟላም በሚል። በዚያ ዓመት ሉተን በሜዳ ላይ 56 ነጥብ ሰብስቧል፤ ይህ ከነክብር በሊጉ የሚያኖር ነጥብ ነው። ከ56 ላይ 30 ሲነሣ 26 ቀረ፣ ክለቡም ወረደ። አንባቢ 26ን በአእምሮው ይያዝልን።

ስለ ሠላሳው ነጥብ በደጋፊው ዘንድ ያለው ትርጓሜ ከአብነት ትምህርት ቤት አንድምታ አያንስም። "ሠላሳ ነጥብ ተቀነሰ" አለ፤ አንድም ቅጣት ነው፤ ጥፋት ነበርና። አንድም ግፍ ነው፤ ያጠፉት ሄደው የቀሩት ተቀጥተዋልና። አንድም ማዕረግ ነው፤ ከዚያ በፊት በሊጉ ታሪክ ያን ያህል የተቀነሰበት ክለብ አልነበረምና። የመጀመሪያውን ትርጓሜ የሚያስተምር ሊቅ በሉተን ከተማ አይገኝም። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ለመቆም፣ ሦስተኛው መጠጥ ቤት ለመቀመጥ ያገለግላል።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ 40 ሺህ ያህል የሉተን ደጋፊ ዌምብሌይ ገብቶ ክለቡ ስካንቶርፕን 3 ለ 2 ሲረታና የፉትቦል ሊግ ትሮፊን ሲያነሣ አየ። ዋንጫው ታጥቦ ሳይደርቅ መውረዱ ተረጋገጠ። ውድድሩ የሊግ ዋንና የሊግ ቱ ክለቦች ብቻ ስለነበር በቀጣዩ ዓመት ሻምፒዮኑ ዋንጫውን ለማስጠበቅ አልገባም፤ መግባት አይፈቀድለትማ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ዘመን ጥናቱ "አምስቱ ዓመት" ብሎ ይጠራዋል። አንባቢው ይህን ሲሰማ የጣሊያንን ጊዜ ቢያስብ አንፈርድበትም። ከዚያ ዘመን የወረስነው አንድ ቃል ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን እንዲያውም ቢያስብ ይመረጣል።

በ2010 ሉተን ሁለተኛ ወጥቶ በፕሌይ ኦፉ በዮርክ ሲቲ በደርሶ መልስ፣ ሁለቱንም ጊዜ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በ2011 ፍጻሜ ደረሰ፤ ማንችስተር ላይ ከኤኤፍሲ ዊምብልደን ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ በመለያ ምት 4 ለ 3 ወደቀ። ከሉተን መቺዎች አንዱ ኳሷን በዝግታ ከፍ አድርጎ ሊያስገባ ሞክሮ በረኛው አዳናት፤ ያቺ ኳስ በደጋፊው ሕልም ውስጥ እስከ ዛሬ በአየር ላይ ናት። በ2012 ዌምብሌይ ላይ እንደገና ከዮርክ ጋር ተገናኝቶ በሁለተኛው ደቂቃ መራ፤ 2 ለ 1 ተሸነፈ። የዮርክን የማሸነፊያ ጎል ዳኛው አጽድቋታል፤ ሉተን ከተማ ግን እስካሁን አላጸደቀቻትም። በ2013 ሰባተኛ ወጣ። በአምስት ዓመት አምስት አሰልጣኝ ተፈራረቀ። አምስተኛው ጆን ስቲል በ2014 በ101 ነጥብና በ102 ጎል ሻምፒዮን አድርጎ አወጣው፤ ሁለተኛ የወጣው ካምብሪጅ ዩናይትድ በ19 ነጥብ ይርቃል።

የተፈጸመው ይህ ነው። የሚታወሰው ሌላ ነው፤ የጥናቱም ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ደጋፊው ስለ አምስቱ ዓመት ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ሀይድ፣ ስለ ብሬይንትሪ፣ ስለ ሂስተን፣ ስለ አልፍሬተንና ስለ ኢስትቦርን ቦሮ ነው። አጥሩን ተደግፎ ስለሚታይ ጨዋታ፣ ከሜዳ ስለምትወጣ ኳስ፣ ለመስመር ዳኛው የተነገረ ስድብ በቀጥታ ጆሮው ስለሚደርስበት ቅርበት ያወራል። ለእነዚያ ክለቦች ሉተን መጣ ማለት የዓመቱ ገቢ መጣ ማለት ነበር፤ በመቶዎች የለመደ ሜዳ ከራሱ ሰው የሚበልጥ እንግዳ የሚያስተናግድበት ቀን ነበር። ዛሬ ይህ ሁሉ በናፍቆት ይነገራል። ያኔ ግን የዚያው ደጋፊ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ማንም አይጠይቅም። የ2010ሩ የዮርክ ጨዋታ ሲያልቅ ከሉተን ደጋፊዎች በኩል ሳንቲምና ሌላም ነገር ስለተወረወረ የዮርክ ተጫዋቾች ከራሳቸው ደጋፊዎች መሐል ገብተው ተጠልለዋል። ይህ ክፍል በትዝታው ውስጥ የለም። ሳንቲም የወረወረ ሰውም እስካሁን አልተገኘም፤ ሳንቲሞቹ በራሳቸው ሄደዋል ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ በየጨዋታው ነበርን የሚሉት ሰዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ጃንዋሪ 2013 ላይ ሉተን በኤፍኤ ካፕ የፕሪሚየር ሊጉን ኖርዊች ሲቲን በገዛ ሜዳው 1 ለ 0 አሸንፏል፤ በ1989 ሰተን ዩናይትድ ኮቨንትሪን ከረታ ወዲህ ከ92ቱ ውጪ ያለ ክለብ የላይኛውን ሊግ ክለብ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። "እዚያ ነበርኩ" የሚል ቢበዛ አይገርምም፤ ትልቅ ቀን ነው፣ ቴሌቪዥንም ነበር። የሚገርመው በዝናብ፣ በማክሰኞ ማታ፣ ከትንሽ ክለብ ጋር አቻ በተወጣበት ጨዋታ ላይ "ነበርኩ" የሚለው መብዛቱ ነው። ጥናቱ የደረሰበት ሕግ ይህ ነው፦ ጨዋታው በከፋ፣ ሜዳው ባነሰ መጠን የምስክሩ ቁጥር ያድጋል። ሕጉን እስከ መጨረሻው ከተከተሉት፣ ማንም ያልመጣበት ጨዋታ ላይ መላው ከተማ ተገኝቶ ነበር።

አሁን የተባለው ቃል ያስፈልገናል። ሜይ 27 ቀን 2023 ሉተን ዌምብሌይ ላይ ኮቨንትሪ ሲቲን በመለያ ምት 6 ለ 5 አሸንፎ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ከኮንፈረንስ በወጣ በዘጠኝ ዓመቱ! በማግስቱ የሉተን ደጋፊ ያልነበረ ሰው አልነበረም። ለእነዚህ ሰዎች አማርኛ ከሰማንያ ዓመት በፊት ጀምሮ ቃል አዘጋጅቶላቸዋል፤ የድል አጥቢያ አርበኞች ናቸው። የዱር አርበኞቹ እነሱን የሚለዩበት ምርመራ አጭር ነው። "ሀይድ ሄደህ ነበር?" ይባላል። ተጠያቂው "የቱ ሀይድ? የለንደኑ መናፈሻ?" ካለ ነገሩ ያልቃል። ከጥርጣሬ ሁሉ ነጻ የሆነው ምስክር አንድ ሰው ነው፤ በ2013 ክለቡ ኮንፈረንስ ሳለ የመጣውና ሳይለቅ እስከ ፕሪሚየር ሊግ የዘለቀው አማካይ ፔሊ ሩዶክ ምፓንዙ። ከአምስተኛው እርከን እስከ አንደኛው በአንድ ማሊያ የወጣ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ለዚህም ነው ተራ ኳስ ሲያቀብል እንኳ አንዳንድ ሽማግሌ ዓይኑን ይጠርግ የነበረው።

ርስት ካለ የወሰን ክርክር አለ። የሉተን ደጋፊ አምስት ዓመት ሲል የሬክሰም ደጋፊ አሥራ አምስት ይላል፤ ከ2008 እስከ 2023። ከዚያም በ2012 ክለቡ 98 ነጥብ አግኝቶ ሁለተኛ ብቻ እንደወጣና እንዳልተሻገረ ይጨምራል። ይህ ከባድ ማስረጃ ነው። የሉተን ወገን የሚሰጠው መልስ፣ ሬክሰምን በመጨረሻ ያወጡት የሆሊውድ ተዋናዮች እንደሆኑና መከራውም በካሜራ ተቀርጾ እንደተሸጠ ነው፤ የተሸጠ ርስት ደግሞ ርስት አይደለም። የዊምብልደን ደጋፊ ከተነሣ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ክለቡ ወደ ሌላ ከተማ ተወስዶበት በ2002 ሌላ ከባዶ የሠራ ሰው ፊት ስለ ነጥብ ቅነሳ አይወራም። የኖትስ ካውንቲ ደጋፊ በ2023 107 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ መውጣቱን ሊያነሣ ይሞክራል። በፕሌይ ኦፍ በዚያው ዓመት ስላለፈ ግን አቤቱታው ውድቅ ነው።

ለንጽጽር ያህል አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ ማኪያቶ እየጠጣ ጨዋታ የሚያይ የአርሰናል ደጋፊን ወስደናል። አርሰናል ከ1919 ወዲህ ከላይኛው ሊግ ወርዶ አያውቅም። ስለዚህ ይህ ደጋፊ ዕድሜውን ሙሉ ቢደክም እንኳ የወራጅነት ትዝታ ሊኖረው አይችልም፤ ያለው መከራ ሁለተኛ መውጣት ነው። ይህን መከራውን ሉተን ከተማ ሄዶ ቢያሰማ ምን እንደሚገጥመው ጥናቱ በሥነ ምግባር ምክንያት አልሞከረም። የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ በ1974 መውረድ የሚባል ነገር አለው፤ ነገር ግን ክለቡ በዓመቱ ተመልሷል፣ የአዲስ አበባው ደጋፊም በአመዛኙ አልተወለደም ነበር። በመጽሐፍ የተገኘ መከራ ዋጋ የለውም።

ሉተን ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ የቆየው አንድ ዓመት ነው። ከ38 ጨዋታ ስድስቱን አሸንፎ አሥራ ስምንተኛ ሆኖ ወረደ። የሰበሰበው ነጥብ 26 ነው። በ2009 ሠላሳ ተቀንሶበት የቀረለትን ያህል በ2024 ምንም ሳይቀነስበት አግኝቷል። በመጨረሻው የኮንፈረንስ ዓመት ግን ከ46 ጨዋታ 30 አሸንፎ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ "ደጋፊው የናፈቀው ኮንፈረንስን ሳይሆን ማሸነፍን ነው" የሚል ማብራሪያ ቀርቦልናል። ማብራሪያው እጅግ ቀላልና ማንም ሊረዳው የሚችል በመሆኑ ለጥናት የሚበቃ ሆኖ አላገኘነውም።

ክለቡ በ2025 ከሻምፒዮንሺፕም ወርዶ ሊግ ዋን ገብቷል። ሀይድን ለናፈቁት ሁሉ የሚከለክላቸው በመሐል ያለው ሊግ ቱ ብቻ ነው። ሆኖም ወደዚያ እንመለስ ብሎ ማመልከቻ ያስገባ ደጋፊ የለም።