የአደባባዩን ፋውንቴን ክብር ለመጠበቅና ጀሪካንን ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ

ሮማዊው የጦር መሪ አግሪጳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓ.ዓ. ወደ ሮም ያስገባው ውሃ አስቀድሞ ለሕዝብ መታጠቢያና መጠጫ የዋለ በመሆኑ፤ በዚያው መስመር ጫፍ የቆመው የትሬቪ ፋውንቴን ግን እ.ኤ.አ. በ1762 የተጠናቀቀ በመሆኑ፤ ይህን ኋላ ቀር ቅደም ተከተል ገልብጦ ጌጡን ማስቀደም በማስፈለጉ፤

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደው የቆረቆሯት፣ ውሃ ተከትላ የመጣች ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ ነዋሪዋ ውሃ ተከትሎ ከሰፈር ሰፈር የሚዞርባት በመሆኗ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ
አያስፈልግም። ውሃን ሁሉም ያውቀዋል፤ ባያገኘውም።

አንቀጽ 2። ስለ ጀሪካን
(1) ጀሪካን ይዞ በፋውንቴኑ ዙሪያ ማለፍም ሆነ መቆም የከተማዋን ገጽታ ስለሚያበላሽ ክልክል ነው።
(2) በንዑስ አንቀጽ (1) የተደነገገው ቢኖርም፦
(ሀ) ጀሪካኑ ባዶ ከሆነ ውሃ የጠፋ ስለሚያስመስል ክልከላው ይጸናል፤
(ለ) ሙሉ ከሆነ ከየት ተቀዳ ስለሚያሰኝ ክልከላው ይጸናል፤
(ሐ) ግማሽ ከሆነ ኮሚቴ ይቋቋማል፤
(መ) በነጠላ ተሸፍኖ ከታዘለ ያልፋል፤ ሆኖም ጥበቃው ቀረብ ብሎ «ስንት ወሩ ነው?» ካለ፣ አዛዩ የተመረተበትን ቀን የመናገር ግዴታ አለበት፤
(ሠ) በአህያ ከተጫነ አህያዋ ታልፋለች፤ ጀሪካኑ ይቀራል፤
(ረ) ለፎቶ የመጡ ሙሽሮች ቢጫ ጀሪካን ከኋላቸው እንዳይታይ ቪዲዮ አንሺው ኃላፊነት ይወስዳል።
(3) «ጋሼ፣ ውሃው እኮ አይጠጣም፤ ያው በፓምፕ ተመልሶ የሚዞር ነው» የሚለው የጥበቃው ማብራሪያ የዚህ አዋጅ አካል ነው። ልክም ነው። ግን ማን ከገንዳው ልቅዳ አለ? እኔ ቧንቧ ካለው ዘመድ ቤት ልቀዳ ሳልፍ ነው የተያዝኩት! እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። በተራችን ሌሊት ተነስተን ባልዲ እንደቅናለን፤ ቧንቧው ይተነፍሳል፣ ዝገት የመሰለ ነገር ይተፋል፣ አለቀ። ልጄን በታሸገ ውሃ ፊቷን አጥቤ ትምህርት ቤት የላክሁ ሰው ነኝ። አደባባዩ ላይ ውሃው ወይን ጠጅ መብራት በርቶለት በሙዚቃ ይጨፍራል፤ እኔን «ገጽታ ታበላሻለህ» ይሉኛል። የማን ገጽታ? ያልታጠበው ፊት የማን ሆነና!
(4) ከፍ ሲል ንዑስ አንቀጽ (3) ላይ የታየው የድምፅ ከፍታ በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

አንቀጽ 3። ሳንቲም ስለ መወርወር
ትሬቪ ውስጥ የሚወረወረው ሳንቲም ተለቅሞ ለበጎ አድራጎት ይውላል። የእኛው ለፋውንቴኑ መብራት ይከፈልበታል።

አንቀጽ 4። መብራት ሲጠፋ
ፋውንቴኑ ጀነሬተር አለው።

አንቀጽ 5። ስለ ተሻሩ ልማዶች
«የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ከሞሉ ውሃ ይመጣል» የሚለው እምነት ተሽሯል።

አንቀጽ 6። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ጸንቷል።

አንቀጽ 7። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ
ከጥበቃው ቤት ጀርባ ከተደረደሩት የተወረሱ ጀሪካኖች መካከል፣ እጀታው በሽቦ የታሰረውና በማርከር የቤት ቁጥር የተጻፈበት ባለ 20 ሊትሩ የአዋጁ አርቃቂ ንብረት ነው። ሐሙስ ተራችን ስለሆነ እስከ ረቡዕ ማታ ይመለስልኝ። ከነክዳኑ።